ሁሉን አውቃለሁ፣ አንዱንም አልሰራሁም (ደሴና አካባቢዋ ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ)

ጦሳ ስር · እሁድ ማታ 3:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ደሴ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ የመንግስት ሰራተኛ፣ ዕድሜ 34። ዛሬ ቤት ሳጸዳ አልጋ ስር ካለ ካርቶን ውስጥ አራት ደብተር አወጣሁ። አራቱም ስለ ዶሮ እርባታ ነው። አንዱ ስልጠና ላይ የጻፍኩት፣ አንዱ ከዩቲዩብ የገለበጥኩት፣ አንዱ ኮምቦልቻ ዶሮ የሚያረባ ሰውዬ ጋ ወርጄ ግማሽ ቀን በጥያቄ አድርቄው የያዝኩት፣ አራተኛው ደግሞ ሶስቱን አሳጥሬ በንጽህና የገለበጥኩበት፣ በቀይ እስክሪብቶ ሁሉ አስምሬበታለሁ። ከዛ ስልኬ ላይ ቴሌግራም ሴቭ ያደረግኩትን ከፈትኩና ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፣ 212 ቪዲዮ።

ጠይቁኝ እስቲ። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ስንት ትበላለች? ከ110 እስከ 120 ግራም። የአንድ ቀን ጫጩት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስንት ዲግሪ ይፈልጋል? ከ32 እስከ 35፣ ከዛ በየሳምንቱ ሶስት ሶስት ዲግሪ እየቀነስክ ነው የምትሄደው። ማሬክስ፣ ጉምቦሮ፣ ፈንግል፣ የክትባቱን ተራ እንደ ዳዊት ነው የምደግመው። ከዝርያ ቦቫንስ ለእንቁላል፣ ሳሶ ለእንቁላልም ለስጋም። ልቀጥል?

ዶሮ ግን የለኝም። አንድም። ሶስት ዓመት ሆነኝ'ኮ።

ትናንት እናቴ ቡና አፍልታ ቶናው ላይ ስንደርስ አንዷ ጎረቤታችን «አንተ ልጅ፣ ዶሮዎቹ እንዴት ሆኑ?» ስትለኝ እናቴ ቀደም ብላ «ኧረ ዶሮ የታለ እቴ፣ ደብተሩ ነው እየፋፋ ያለው» አለቻት። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ቦታ አለኝ፣ ጓሮው ውስጥ ባዶ የቆርቆሮ ክፍል አለ። ትንሽ ብርም አለችኝ። እና ምንድነው ነገርየው? አንድ ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ለመጀመር የቀረብኩ ይመስለኝና አይቼ ስጨርስ ደግሞ ሌላ የማላውቀው ነገር እንዳለ ይታየኛል፣ እሱን ሳይ ሌላ፣ እንደዛ እያልኩ ሶስት ዓመት።

ሐረጎ ጠመዝማዛው · እሁድ ማታ 3:52

ቂቂቂ ይሄን ፖስት ሴቭ አድርጌዋለሁ ጊዜ ሳገኝ አነበዋለሁ

ጦሳ ስር · እሁድ ማታ 3:54

አንተ ደሞ የኔው ወንድም ነህ

የኮምቦልቻዋ ልብስ ሰፊ · እሁድ ማታ 4:15

ወንድሜ ራሴን ነው ያየሁት። አንድ ዓመት ሙሉ የቀሚስ አቆራረጥ ቪዲዮ ሳይ ነበር፣ ተኝቼ ሁሉ። አንድ ቀን አክስቴ «ነይ እስቲ» አለችኝና ጨርቁን ምንጣፍ ላይ ዘርግታ ጠመኔና መቀሱን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። የሷ ጨርቅ ነው፣ ሶስት ሜትር፣ ከገበያ የገዛችው።

ቪዲዮው ላይ ጨርቁ አይንሸራተትም፣ የኔ ግን በጉልበቴ ይዤው እንኳ ይሄዳል። ቪዲዮው ላይ መቀሱ ሽር ብሎ ነው የሚያልፈው፣ የኔ መቀስ ያኝካል፣ ለካ ጫፉን እየከደንኩ ነው የምቆርጠው፣ እስከ ጫፉ መዝጋት የለብሽም። እጅጌው ላይ ስደርስ ጨርቁን አጥፌ ሁለቱን አንዴ መቁረጥ ሲገባኝ አንድ በአንድ ቆረጥኳቸው፣ ፓተርኑን ሳልገለብጥ። ሁለቱም የግራ እጅጌ ሆኑ። ያንን ነገር ቪዲዮ ላይ ቢያንስ አስር ጊዜ ሰምቼዋለሁ ወላሂ፣ «አጥፋችሁ ቁረጡ» ይላሉ ሁሉም።

አክስቴ ምንም አላለችም። ሁለቱን የግራ እጅጌ ገጥማ የእንጀራ መሸፈኛ አደረገችው። እስካሁን ቤታችን አለ፣ እንግዳ ሲመጣ እደብቀዋለሁ።

ከገራዶ · እሁድ ማታ 4:48

እህታችን ያለችው በጥናትም የታየ ነገር ነው። ሳይኮሎጂ ስላነበብኩ ትንሽ ልጨምር፣ እንዳትሰለቹ።

ማይክል ካርዳስና ኤድ ኦብራየን የሚባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2018 (በፈረንጆቹ) ያወጡት ጥናት አለ። ዕቃ የተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ዕቃው ሳይወድቅ ጨርቁን ላጥ አርጎ የሚስብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ እሱን ቪዲዮ ለአንዳንዱ አንድ ጊዜ፣ ለአንዳንዱ 20 ጊዜ አሳዩት። 20 ጊዜ ያየው ሰው «እኔም እችለዋለሁ» የሚለው ነገር ከፍ አለ። እሱን ግን በተግባር አላስሞከሯቸውም። ሙንዎክ ዳንሱንና ዳርት መወርወሩን ደሞ እንደዛው አሳይተው ሲያስሞክሯቸው፣ 20 ጊዜ ያየው እችላለሁ ቢልም አንድ ጊዜ ካየው ምንም አልተሻለም። ማየት እጅህ ላይ ምን እንደሚሰማህ አይነግርህም፣ መቀሱ ማኘኩን የማይነግርህ በዛ ነው። የሚገርመው ደሞ በሌላ ሙከራ ዱላ እያፈራረቁ ወደ ላይ እየወረወሩ መቅለብን (ጀግሊንግ) አሳይተዋቸው ዱላዎቹን ትንሽ እጃቸው ላይ ብቻ ሲያስይዟቸው የሰዎቹ ጉራ ወረደ።

ያንተ 212 ቪዲዮ ያ 20 ጊዜው ነው ወንድሜ። ቀረብኩ ቀረብኩ የሚልህ እሱ ነው።

ጦሳ ስር · እሁድ ማታ 5:02

አሁን ይሄንንም አምስተኛ ደብተር ላይ ልጽፈው ነበር እግዜር ይይልህ

የዋድላ ቆሎ ተማሪ · ሰኞ ጠዋት 1:30

እኔ ልጅ ሆኜ ዋድላ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር፣ አልገፋሁበትም ግን የቀረችኝ ነገር አለች። የኔታ አገባቡን ይነግሩናል፣ ምሳሌ ቅኔ ይዘርፉልናል፣ ከዛ በኋላ ደብተር የለም። እያንዳንድሽ ዛፍ ስር፣ ድንጋይ ላይ፣ ደበሎሽን ተከናንበሽ የራስሽን ትቆጥሪያለሽ። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ማታ የኔታ ፊት ቀርበሽ ትናገሪያለሽ፣ ያርሙሻል፣ አንዳንዴ ጓደኛ ፊት እስክታፍሪ ያርሙሻል። በማግስቱ ሌላ፣ የትናንቱ አይደገምም።

መወድስ ስምንት ቤት ነው። መወድስ እስክትደርስ ድረስ ስለ መወድስ ማንም አያወራህም፣ ሁለቷን ቤት ሳትችል ስምንቱን ብትሰማ ምን ያደርግልሃል? አንተ ግን በሁለት ቤት ሳትጀምር መወድሱን ሶስት ዓመት ሰማህ። የኔታ ቢኖሩ ደብተርህን እሳት ላይ ነበር የሚጥሉልህ፣ ቁጡ ነበሩ ነፍሳቸውን ይማረው።

ደረሳ የነበርኩ · ሰኞ ጠዋት 2:10

ዋድላው ሸጋ ተናገርክ። እኛም ቂርአት ቤት ያው ነው። ሼሃችን የዉዱእን (ከሰላት በፊት ያለውን ትጥበት) ባብ ሲያቀሩን ኪታቡን ዘጉና ማንቆርቆሪያ ውሃ አስመጡ። «በሉ አንድ በአንድ አድርጉ» አሉ። ሁላችንም አንብበነዋል፣ ሁላችንም በቃል እንወጣዋለን፣ አንዱ ክርኑን ሳያደርስ ተወው፣ አንዱ ቅደም ተከተሉን አዛባው፣ እኔ ተረከዜ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ሼሁ ተረከዜን በዱላቸው ጫፍ ነካ አድርገው ብቻ ዝም አሉ። ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ውሃ ስይዝ መጀመሪያ የማየው ተረከዜን ነው።

ባዶ ሱቅ · ሰኞ ከሰዓት 9:20

ይቅርታ አድርጉልኝ እኔ ግን ይሄ ወሬ ትንሽ ያናድደኛል።

እኔ ሱቅ ነበረኝ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቤተሰብ ይዤ ወጣሁ፣ ስንመለስ ዕቃው ይቅርና መደርደሪያው ራሱ የለም። ንግድ ጠፍቶብኝ አይደለም፣ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ስኳሩ መቼ እንደሚወደድ፣ ዱቤ ለማን እንደሚሰጥ ለማን እንደማይሰጥ ዛሬም አውቃለሁ። ግን ዕቃ ላወጣ ብር ስቆጥር ሆዴ ይላወሳል። ደሞ ቢሄድስ? ደሞ ነቅዬ ብወጣስ? እና አንድ ሞቲቬሽን የሚያወራ ሰው ስልኬ ላይ መጥቶ «ዝም ብለህ ጀምር፣ ሰበብ አታብዛ» ሲለኝ ስልኩን መወርወር ነው የሚያምረኝ። ማወቅና ማድረግ መሃል ያለው ስንፍና ብቻ ነው ያለው ማነው?

ጦሳ ስር · ሰኞ ከሰዓት 9:45

ወንድሜ እውነትህን ነው። ያንተ ከኔ ጋር አይወዳደርም። እኔ ምንም አልደረሰብኝም፣ የምፈራው እንኳ ምን እንደሆነ አላውቀውም፣ ምናልባት ዶሮዎቹ ቢሞቱ ጎረቤት የሚለውን ይሆናል።

የሐይቋ እናት · ሰኞ ማታ 2:30

ልጆቼ ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት እኔ እናገራለሁ እሷ ትነካካለች። ባዶ ሱቅ ያልከው ልጄ፣ አብሽር። በ77 እኛ ቤት የቀረ ነገር አልነበረም፣ በሬውም ላሟም ሄደች። እናቴ አራሽ ናት፣ ሁሉን ታውቃለች ግን ባዶ እጅ። ጎረቤት አንዲት ዶሮ በርቢ ሰጠቻት፣ ጫጩቱን እኩል ሊካፈሉ። የሰው ዶሮ ስለሆነች ብትሞት የሚከፈል ነገር ነበረ፣ እናቴ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ቅርጫቱን በእጇ ትዳስስ ነበር አለች የለችም እያለች። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ያ ዳሰሳ ነው ትዝ የሚለኝ። ፍርሃቷ መቼ እንደተዋት አላውቅም፣ ጫጩት ሲፈለፈልም ትዳስስ ነበር።

ያን ሁሉ ዕቃ ባንዴ አታውጣ። ከሰው ጋር በምትጋራው ነገር ግባ፣ ጉዳቱንም ከሰው ጋር ትጋራዋለህ።

ባዶ ሱቅ · ሰኞ ማታ 2:50

እናቴ ዕድሜ ይስጥልኝ። እርሶ እንዳሉት ይሁን፣ አስብበታለሁ። ለልጅቷም ምስጋና አድርሱልኝ።

የባቲዋ · ማክሰኞ ጠዋት 3:05

እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው ጦሳ ስር፣ ለሰው መናገርህን ተው። ሶስት ዓመት ቡና ላይ «ዶሮ ልጀምር ነው» ስትል ሰዉ «ጎበዝ» ይልሃል፣ ጎበዙን ተቀብለህ ትተኛለህ። የሰራህበት ደመወዝ ቀድሞ ተከፈለህ ማለት እኮ ነው።

የኮምቦልቻዋ ልብስ ሰፊ · ማክሰኞ ጠዋት 3:20

አልስማማም፣ አክስቴ ባታውቅ ኖሮ እኔ እስካሁን ቪዲዮ ላይ ነበርኩ

ከገራዶ · ማክሰኞ ጠዋት 3:48

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የባቲዋ ያለችው በ2009 (በፈረንጆቹ) በእነ ፒተር ጎልዊትዘር ጥናት ታይቷል። ልሆን የምፈልገው ይሄ ነው ብለህ አውጥተህ ስትናገርና ሰው ልብ ሲልልህ፣ ገና ሳትሆን የሆንክ መስሎህ ጥረትህን ትቀንሳለህ። የልብስ ሰፊዋ አክስት ግን ጎበዝ ለማለት አልመጣችም፣ ጨርቅ ይዛ ነው የመጣችው። ለቡናው ቤት ሁሉ አትናገር፣ ቅዳሜ መጥቶ በሩን ለሚያንኳኳ ለአንድ ሰው ብቻ ንገር።

ሌላው የዚሁ ሰውዬ ሃሳብ ደሞ ለዶሮው ይጠቅምሃል። «ዶሮ እጀምራለሁ» አትበል፣ ያ ምኞት ነው። መቼና የት እንደሆነ ከምታደርገው ነገር ጋር እሰረው፣ «ቅዳሜ ገበያ ስወጣ፣ ቤት ሳልመለስ ሰጋቱራ አንድ ማዳበሪያ እገዛለሁ»። ሰዓቱና ቦታው ሲደርስ ማሰብ አይጠበቅብህም፣ ቀድመህ ጨርሰኸዋል።

ቄብ አሳዳጊ · ማክሰኞ ማታ 1:15

ወሬው በዛ፣ እኔ ወደ ዶሮው ልመልሳችሁ። ወንድም የአንድ ቀን ጫጩት እንዳትገዛ፣ ደሴ ብርድ ላይ መብራት ቢጠፋ በአንድ ሌሊት ታልቃለህ። የ45 ቀን ቄብ ግዛ። 500 አይደለም፣ 8። የተከተበችበትን ወረቀት ከሻጩ ጠይቅ። የፈንግሉን ክትባት ቢሾፍቱ ነው የሚያመርቱት፣ ብልቃጧ ለብዙ ዶሮ ነው የምትበቃው፣ ለ8 ዶሮ መክፈት ኪሳራ ነው፣ ስለዚህ ከጎረቤቶችህ ጋር ተነጋገርና የነሱንም የሐበሻ ዶሮ አንድ ቀን አስከትቡ። ያኔ ነው የምትጀምረው ብዬሃለሁ፣ አስር ሴትዮ ዶሮ ታቅፋ በርህ ላይ ስትቆም ወዴት ትሸሻለህ ቂቂቂ

ጦሳ ስር · ማክሰኞ ማታ 1:40

እሺ። ቅዳሜ ጠዋት ሰጋቱራ። ጎረቤታችን ያቺ የጠየቀችኝ ሴትዮ እሷም ሶስት ዶሮ አላት፣ ለሷ ብቻ ነግሬያታለሁ። «ካልመጣህ ደብተሩን እወስድና ለምጣድ ማስወልወያ አደርገዋለሁ» ብላኛለች።

ጦሳ ስር · ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ማታ 2:20

ተመልሻለሁ። ዶሮ አለኝ!!! ስምንት ገዛሁ፣ ዋጋውን አልናገርም ተሰድቤ እሞታለሁ። አሁን ስድስት ናቸው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ልንገራችሁ። ከጦሳ የሚወርደውን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ሲያንኳኳ አደረ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቼ በባትሪ ሳይ ሁሉም አንዱ ጥግ ላይ ተደራርበዋል፣ ክምር ናቸው። እየገፈፍኩ ሳነሳ ስሯ ያለችው ሞታለች፣ ታፍና። ገና ሞቃት ናት እጄ ላይ። ደብተሬ ላይ አለ ይሄ፣ «ሲበርዳቸው ጥግ ላይ ይደራረባሉ፣ ጥጉን በካርቶን ክብ አድርግ» ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ሁለተኛው ደብተር ገጽ 14። ካርቶኑ ደግሞ የት ነበር በሉኝ? አልጋ ስር፣ ደብተሮቹ ያሉበት። በሌሊት ደብተሮቹን ገልብጬ ካርቶኑን ቀድጄ ጥጉን አጠርኩበት።

ከዛ ውሃው። መጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። በሶስተኛው ቀን ስገባ አይኔ አነባ፣ ኩሱና እርጥቡ ሰጋቱራ ተቀላቅሎ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሰጋቱራ ይጭሩበታል፣ ይገለብጡታል፣ ይረግጡታል። በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩበት አረፍተ ነገር አለ፣ «የመጠጫው አፍ ከዶሮዋ ጀርባ ጋር እኩል ይሁን»። ሶስት ዓመት አነበብኩት። ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም፣ እንዲሁ ቁጥር ነገር መስሎኝ። ሁለት ጡብ ደራርቤ ላዩ ላይ ሳስቀምጠው ገባኝ፣ አንገቷን ዘርጋ አድርጋ ትጠጣለች እንጂ መጫር አትችልም። አሁን በየሳምንቱ እያደጉ ስለሆነ ከፍ የማደርገውን ራሴ በአይኔ ነው የምለካው።

ሁለተኛዋ በምን እንደሞተች አላውቅም፣ ጠዋት ሞታ አገኘኋት። ክትባቱን ከጎረቤቶች ጋር አንድ ላይ አስከተብን፣ አስር ባይሆኑም ስድስት ሴትዮ መጥተዋል። እናቴ ቡና አፈላች። ስለ ደብተር ማንም አላነሳም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር፣ ባለፈው ማክሰኞ ስብሰባ ነበረብኝና ሳላጸዳ ሄድኩ፣ ቀኑን ሙሉ በቃ ተበላሸ ተውኩት ማለት ነው እያልኩ ዋልኩ።

ከገራዶ · እሁድ ማታ 2:45

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ለማክሰኞዋ አብሽር። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰው ይዘው ልማድ ለመሆን ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያዩበት ጥናት አለ፣ በ2010 በፈረንጆቹ የታተመ። መሃሉ 66 ቀን ነው፣ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል፣ ሰው ከሰው ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ግን ነገሩን አላበላሸውም። ረቡዕ ጠዋት ገባህ አይደል?

ጦሳ ስር · እሁድ ማታ 2:47

ገባሁ፣ በስብሰባ ጫማ

ባዶ ሱቅ · እሁድ ማታ 3:10

ደስ ብሎኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ። መጣል የሚጀምሩት መቼ ነው?

ጦሳ ስር · እሁድ ማታ 3:14

አሁን 80 ቀን ገደማ ናቸው። አምስት ወር አካባቢ ነው የሚጀምሩት፣ ስለዚህ ሁለት ወር ከምናምን ይቀራል። ለምን?

ባዶ ሱቅ · እሁድ ማታ 3:21

እንቁላሉን ለኔ አምጣልኝ። እኔ እሸጥልሃለሁ፣ ትርፉን እንካፈላለን፣ ቢሰበርም እንካፈላለን። በሩ ላይ አንድ ጠረጴዛ አውጥቻለሁ።

ጦሳ ስር · እሁድ ማታ 3:23

ስድስት ዶሮ እኮ ናቸው ወንድሜ፣ ሁሉም ቢጥሉ ስድስት እንቁላል ነው

ባዶ ሱቅ · እሁድ ማታ 3:25

ስድስትም ይሸጣል፣ ሰሃን ላይ አደርገዋለሁ

ሐረጎ ጠመዝማዛው · ሰኞ ማታ 4:05

ሴቭ ያደረግኩትን ዛሬ አነበብኩት። ሰጋቱራውን ከየት ነው ያገኘኸው?

ጦሳ ስር · ሰኞ ማታ 4:11

መናፈሻ ጋ ካለው እንጨት ቤት። ከሰዓት ሂድ፣ ጠዋት ስራ ስለሚበዛባቸው አይሰጡህም። ማዳበሪያ ይዘህ ሂድ። ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ እኔም እሄዳለሁ፣ በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ።